ለፖሊስ የአየር ድጋፍ ሄሊኮፕተር፣ አውሮፕላን ወይስ ድሮን? ከጎጃም መልክዓ ምድር የተነሣ የንጽጽር መመሪያ

ፖሊስ ከአየር ላይ የሚፈልገው አገልግሎት በጥቅሉ ሁለት ነው፤ ማየትና ማንሣት። የጠፋ ሰው መፈለግ፣ የተዘረፈ ከብት በየት በኩል እንደተነዳ ማወቅ፣ አደጋ የዘጋውን መንገድ መቃኘት፣ በበዓል ቀን የሕዝቡን ፍሰት መከታተል፣ የሸሸን ተጠርጣሪ በመኪና ሳያሳድዱ ከላይ ሆኖ ዓይን አለመንቀል፣ እነዚህ ሁሉ የማየት ሥራዎች ናቸው። ገደል የገባን ቁስለኛ ማውጣት፣ መንገድ ወደማይደርስበት ቀበሌ መርማሪ ማድረስ፣ ጎርፍ የከበበውን ሰው ማዳን ደግሞ የማንሣት ሥራዎች ናቸው። ልዩነቱ ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን የፖሊስ አየር ክፍል ሲቋቋም የሚታየው ብክነት ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው፣ ሥራው ማየት ሆኖ ሳለ ለማንሣት የተሠራ መሣሪያ ከመግዛት ነው።

ይህ መመሪያ ጥያቄውን የሚመለከተው ከጎጃም አንጻር ነው። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከእንጅባራ እስከ ሞጣ ያለውን አገር የሚያውቅ አንባቢ፣ የፖሊስ አባል ይሁን የምክር ቤት ተመራጭ ወይም የበጀት ባለሙያ፣ ሻጭ ከሚያቀርበው ባለቀለም ጽሑፍ ሳይሆን ከአገሩ መልክ ተነሥቶ እንዲመዝን ለማገዝ የቀረበ ነው። የሚነጻጸሩት ሄሊኮፕተር፣ ባለ ቋሚ ክንፍ አውሮፕላንና ድሮን ናቸው፤ አራተኛው አማራጭ፣ ማለትም የራስን ሳይገዙ ከሌላ ጋር መጋራት፣ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ለብቻው ይታያል።

ከሁሉ በፊት ከፍታ

የሚበር ነገር ሁሉ የሚደገፈው በአየር ስለሆነ አየሩ በሳሳ መጠን ክንፉም ሞተሩም ይደክማሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት፣ በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ይብስበታል። ስሌቱ በዚህ ከፍታ የሚጠብቀው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በበጋ ቀትር ላይ ግን ሙቀቱ 24 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። አብራሪዎች ለእያንዳንዱ ዲግሪ ብልጫ 120 ጫማ (37 ሜትር ገደማ) የሚደምሩበትን የተለመደ ስሌት ብንከተል፣ በዚያ ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ የሚነሣ ሄሊኮፕተር የሚያገኘው አየር የ2,400 ሳይሆን የ3,300 ሜትር ያህል ነው። ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በ28 ዲግሪ ቀን የምትሰጠው አየር የ2,700 ሜትር ያህል ነው። ከ4,000 ሜትር የሚዘልቀውን ጮቄን ማንሣት አያስፈልግም።

የዚህ ትርጉሙ ቀላል ነው። በለንደን ሰማይ ላይ አራት ሰው፣ ካሜራና የሁለት ሰዓት ነዳጅ ይዞ በአየር ላይ ቆሞ የሚያይ ሄሊኮፕተር፣ ያንኑ ሸክም ይዞ ደብረ ማርቆስ ላይ ቆሞ መቆየት ላይችል ይችላል። አንድ ሰው መቀነስ ወይም ነዳጁን መቀነስ ግድ ይሆናል፤ ነዳጁ ሲቀነስ ደግሞ የመቆያ ጊዜው ያጥራል። ባለ ቋሚ ክንፍ አውሮፕላንም በሳሳ አየር ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ድሮንም ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። ነገር ግን ጉዳቱ ከሁሉ የሚከፋው በሄሊኮፕተር ላይ ነው፤ ቆሞ መንሳፈፍ ከማንኛውም በረራ የበለጠ ኃይል ይበላልና።

ሄሊኮፕተር

ሄሊኮፕተርን ሌላው የማይተካው ባገኘው ሜዳ ስለሚያርፍና ቆሞ ሰው ስለሚያነሣ ነው። በፖሊስ ዘንድ የሚታወቁት ዓይነቶች በአራት ደረጃ ይከፈላሉ። ከታች እንደ ሮቢንሰን አር-44 ያሉ በቤንዚን ሞተር የሚሠሩ ትንንሾች አሉ፤ በሰዓት 60 ሊትር ያህል ብቻ ስለሚጠጡ ለሥልጠናና ለቅኝት ይረክሳሉ፤ ነገር ግን ነዳጃቸው ልዩ የአቪዬሽን ቤንዚን ሲሆን በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንደ ጄት ነዳጅ በቀላሉ አይገኝም፤ በደጋው አየር ደግሞ ካሜራና ሦስት ሰው ይዘው የሚሠሩት ሥራ ጠባብ ነው። ከእነሱ ቀጥሎ እንደ ኤርባስ ኤች-125 ያሉ ባለ አንድ ተርባይን ሄሊኮፕተሮች ይመጣሉ። ሦስተኛው ደረጃ ኤች-135 እና ኤች-145ን የመሰሉ ባለ ሁለት ሞተር ሲሆን፣ በመጨረሻ ከ20 በላይ ሰው የሚጭነው ሚ-17 አለ። ሚ-17 ኃይለኛና ለከፍታ የማይሰንፍ ነው፤ ይሁንና በሰዓት ከ600 ሊትር በላይ የሚጠጣ መሣሪያ አንድ የጠፋ እረኛ ለመፈለግ ማስነሣት በጀትን የሚያደርቅ አሠራር ነው።

ለደጋ አገር ሚዛኑ ወደ ኤች-125 ያደላል። ይህ ዓይነት ሄሊኮፕተር፣ በቀድሞ ስሙ ኤኤስ-350 ቢ-3፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 በፈረንሳዊው አብራሪ ዲዲየ ዴልሳል እጅ የኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ አርፏል። ሻጮች ይህን ታሪክ ደጋግመው ያነሡታል፤ አንባቢው ግን ያ በረራ አብራሪውን ብቻ ይዞ፣ አላስፈላጊ ክብደት ሁሉ ተራግፎለት የተደረገ መሆኑን ማስታወስ አለበት። ኤች-145ም እ.ኤ.አ. በ2019 ከባሕር ጠለል 6,962 ሜትር ከፍ ባለው የአኮንካጓ ጫፍ ላይ ስላረፈ፣ ባለ ሁለት ሞተሮች ለከፍታ አይሆኑም ማለት አይቻልም። ልዩነቱ በዋጋና በጥገና ነው፤ ሁለት ሞተር ሁለት ጊዜ ይጠገናል።

ባለ ሁለት ሞተር መሆን በከተማ ላይ ለመብረር ዋስትና ነው የሚባለውም ጥንቃቄ ይሻል። በአውሮፓ በሕዝብ በተጨናነቀ ስፍራ ላይ የሚበሩ የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ባለ ሁለት ሞተር የሆኑት አንዱ ሞተር ቢቆም ሌላው እንዲያሳርፋቸው ነው። በደብረ ማርቆስ አየር ግን ሙሉ ጭነት የያዘ ቀላል ባለ ሁለት ሞተር ሄሊኮፕተር በቀሪው ሞተር ቆሞ ይንሳፈፋል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ሁለተኛው ሞተር የሚሰጠው እየበረሩና ቀስ እያሉ ወርደው ማረፊያ የመምረጥ ዕድል ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሆኖም ዋጋውን እጥፍ ከመክፈል በፊት ምን እንደሚገዛ ማወቅ ይገባል።

ሁለት ሞተርም ነዳጅን አይተካም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ግላስጎው ላይ የፖሊስ ኢሲ-135 ሄሊኮፕተር በአንድ መጠጥ ቤት ጣሪያ ላይ ወድቆ 3ቱ ተሳፋሪዎቹና በቤቱ የነበሩ 7 ሰዎች ሞተዋል። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት በዋናው ጋን ውስጥ ነዳጅ ነበረ፤ ነዳጁን ወደ ሞተሮቹ መጋቢ ጋኖች የሚያሻግሩት ፓምፖች ግን ተዘግተው ስለነበር ሁለቱም ሞተሮች ተከታትለው ጠፉ። የአየር ክፍል የሚያቋቁም አካል ከሄሊኮፕተሩ ዋጋ እኩል ለአብራሪ ሥልጠናና ለቁጥጥር ሥርዓት ማሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ እንውረድ፤ የጎጃም የማንሣት ሥራ ዋነኛ ስፍራ እሱ ነውና። ከደጀን ጠርዝ እስከ ድልድዩ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። መኪና ገደል ገብቶ ሁለት ቁስለኞች ከወንዙ አቅራቢያ ቢገኙ፣ ሄሊኮፕተሩ የሚሠራው 35 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ቢሆንም ስፍራው ዝቅተኛ ስለሆነ የሚያገኘው አየር የ2,000 ሜትር ያህል ነው። እዚያ ታች ቁስለኞቹን በቀላሉ ያነሣል። ጭንቁ ከላይ ነው፤ ያንኑ ሸክም ይዞ ደጀን ጠርዝ ላይ ወይም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አጠገብ ቆሞ ማረፍ ላይችል ይችላልና። ስለዚህ ጭነቱ የሚሰላው ሰው በሚነሣበት ሳይሆን ሄሊኮፕተሩ ቆሞ መንሳፈፍ በሚገባው ከፍተኛ ስፍራ ነው። በተጨማሪም በገደል ወገብ ላይ ሲንሳፈፍ ከሥሩ ሜዳ ስለሌለ፣ ወደ መሬት የተገፋው አየር መልሶ የሚደግፈውን ያህል ድጋፍ አያገኝም፤ በአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ የሚታየው አንደኛው አኃዝ ከመሬት ተጠግቶ ለሚንሳፈፍ፣ ሁለተኛው ከመሬት ርቆ ለሚንሳፈፍ ነው፤ ለዓባይ የሚያገለግለው ሁለተኛው ብቻ ነው።

ርቀቱም ይታሰብ። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን በቀጥታ መስመር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር የሚበር ሄሊኮፕተር ለመሄድ 50 ደቂቃ፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል ይወስድበታል። በከፍታው ምክንያት ነዳጁ ወደ ሁለት ሰዓት የተቀነሰ ከሆነ፣ በረሃው ላይ የሚቀረው የሥራ ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም፤ ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ነዳጅ ሲቀነስ ደግሞ ምንም አይተርፍም። መደምደሚያው ሄሊኮፕተሩን ከመግዛት በፊት ደብረ ማርቆስ ላይ ነዳጅና ማረፊያ ማዘጋጀት ነው፤ ከዚያ ደጀን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

በገጠሩ ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ሲበር የሚያደርሰው ጉዳት በፈረንጅ መመሪያዎች አይገኝም። በታኅሣሥና በጥር ጤፍ በሚወቃበት ጊዜ በአውድማ ላይ በዝቅታ ያለፈ ሄሊኮፕተር የአንድ ቤተሰብን የዓመት ልፋት ከገለባው ጋር ሊበትነው ይችላል። የሣር ክዳንም አይቋቋመውም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ደግሞ ድምፁ ብቻ ፈረሶቹን ሊያስደነብር ስለሚችል፣ ለጥበቃ የተላከው መሣሪያ ራሱ አደጋ ይሆናል። ፖሊስ ዝቅተኛውን የበረራ ከፍታ በጽሑፍ መወሰንና ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚከፈልበትን መንገድ አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ወጪን በተመለከተ የሎስ አንጀለስ ምሳሌ ይበቃል። የከተማዋ ፖሊስ 17 ሄሊኮፕተሮች ያሉት ሲሆን፣ የከተማዋ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የኦዲት ሪፖርት መሠረት የአየር ክፍሉ በዓመት ወደ 47 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል፤ ከበረራው ጊዜ 61 በመቶ የሚሆነው ደግሞ የዋለው ከፍተኛ ቅድሚያ ለማይሰጣቸው ጉዳዮች ነው። ያ ሀብታም ከተማ የሚያነሣው ጥያቄ ለእኛ በዕጥፍ ይነሣል፤ የሚበረው አስፈላጊ ስለሆነ ነው ወይስ ስላለ?

ባለ ቋሚ ክንፍ አውሮፕላን

አውሮፕላን ቆሞ ማየት አይችልም፤ ዙሪያውን እየዞረ ግን አንድን ስፍራ ለሰዓታት ማየት ይችላል። ጥሩ ካሜራ ከሆዱ የተገጠመለት አውሮፕላን ከፍ ብሎ በሰፊ ክብ ሲዞር ከታች ያለው ሰው ድምፁን ላይሰማው ይችላል፤ ለክትትል ሥራ ይህ ከሄሊኮፕተር ይበልጣል። እንደ ሴስና 182 ያለ ባለ አንድ ሞተር በሰዓት 50 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ትልቁ ሴስና ካራቫን በጄት ነዳጅ ይሠራል፤ ከአምስት ሰዓት በላይ በአየር ላይ ይቆያል፤ በጠጠር ሜዳ ላይ ያርፋል፤ ካስፈለገም ቁስለኛን በአልጋ ይጭናል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ደጀን ለመድረስ ከ40 ደቂቃ አይበልጥበትም፤ ደርሶም ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። በማየት ሥራ ረገድ የእኔ ምርጫ ያለ ማመንታት እሱ ነው።

ይህ የድሃ አገር ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ የካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ያሳያል፤ ኤኤስ-350 ሄሊኮፕተሮች እያሉት ረጃጅም መንገዶችን የሚቃኘው በትንንሽ አውሮፕላኖች ጭምር ነው። የቴክሳስ ግዛት ፖሊስም ፒላተስ ፒሲ-12 ያበራል። የእንግሊዝና የዌልስ ብሔራዊ የፖሊስ አየር አገልግሎትም ሄሊኮፕተሮቹን ለማገዝ 4 ቩልካናየር ፒ-68 አውሮፕላኖች ገዝቷል።

ጣና ላይ የአውሮፕላን ብልጫ በስሌት ይታያል። ነፋስ የገፋው ታንኳ ወይም የተገለበጠ ጀልባ ሲፈለግ፣ አውሮፕላኑ በግማሽ ኪሎ ሜትር ልዩነት ትይዩ መስመሮች እየሠራ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ በአንድ ሰዓት 80 ካሬ ኪሎ ሜትር ውኃ ይፈትሻል። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ሁሉን ለመፈተሽ ከ37 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ ማንም ሁሉን አይፈትሽም፤ ታንኳው መጨረሻ ከታየበት ስፍራና ከነፋሱ አቅጣጫ ተነሥቶ ፍለጋው ይጠባል። ሄሊኮፕተር በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ቢፈልግ የሚሸፍነው 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ነዳጁም ቶሎ ያልቃል። ነገር ግን አውሮፕላኑ የወደቀውን ሰው ሲያገኘው የሚያደርገው ነገር የለም፤ የሕይወት ጃኬት ሊጥልለትና ጀልባ ሊጠራለት ይችላል እንጂ አያወጣውም። ስለዚህ ለጣና የአውሮፕላን ግዢ ከፈጣን ጀልባና ከሬዲዮ ተነጥሎ አይታሰብም።

ባሕር ዳር ላይ ሌላም ስጋት አለ፤ ወፍ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት ተከሰከሰ፤ በአውሮፕላኑ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። የመንገደኛ አውሮፕላን ከወፎቹ ከፍታ ቶሎ ያልፋል፤ የፖሊስ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ግን ሥራቸው በዚያው ከፍታ መዋል ነው። በሐይቁ ዳር በንጋትና በምሽት ወፎች በሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ዝቅ ብሎ መብረር የሚያስፈልግበትን ጉዳይ መምረጥ ይገባል።

ካሜራው

ከአየር የሚታየውን የሚወስነው ከበራሪው ይልቅ ካሜራው ነው፤ ስለዚህ በጀት ሲጠብ የሚቆረጠው ከካሜራው መሆን የለበትም። ሙቀት ለይቶ የሚያሳይ ካሜራ በሌሊት ሰውን ከሩቅ ያወጣል ሲባል እውነት ነው፤ የማያወጣበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። በዓባይ በረሃ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ድንጋይ የሰውን ገላ ያህል ይሞቃል፤ ከሰዓት በኋላ በካሜራው መስኮት ላይ አለቱ ሁሉ ሰው ይመስላል፤ ምሽቱን ሙቀቱን ሲለቅቅ ቆይቶ ልዩነቱ በደንብ የሚለየው ጎሕ ሳይቀድ ነው። በደጋ ደግሞ ወፍራም ጋቢ ተከናንቦ የተኛ ሰው የሚያሳየው ሙቀት የጋቢውን የላይ ገጽ ነው፤ እሱም ከአካባቢው ብዙም አይለይም፤ ፊቱ ወይም እጁ ካልተገለጠ ያልሠለጠነ ዓይን ያልፈዋል። እንደ ዘጌ ባለ ቡናው በዛፍ ጥላ በተሸፈነበት ስፍራ ቅጠሉ ሙቀቱን ይጋርደዋል። ከውኃ በታች ያለ ነገርም በዚህ ካሜራ አይታይም። ስለዚህ የካሜራው ባለሙያ፣ ማለትም ከአብራሪው ጎን ተቀምጦ የሚፈልገው ፖሊስ፣ አገሩን የሚያውቅ መሆን አለበት፤ የብሪታንያ ፖሊሶች አንድ አብራሪና ሁለት ታዛቢ የሚያሳፍሩት የሥራው ግማሽ በታዛቢዎቹ ስለሚሠራ ነው።

ድሮን

ድሮን ዋጋውን ሰብሮታል። ዲጄአይ ማትሪስ 300ን የመሰለ መሣሪያ ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ይይዛል፤ አምራቹ እንደሚለው ያለ ጭነት በተመቸ አየር እስከ 55 ደቂቃ ይበራል፤ ለከፍታ የተሠሩ ተሽከርካሪ ክንፎች ሲገጠሙለትም እስከ 7,000 ሜትር ድረስ እንዲሠራ ታስቦ ተሠርቷል። የጎጃም ደጋ ከሚችለው በታች ነው። በካሊፎርኒያ የቹላ ቪስታ ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የስልክ ጥሪ ሲመጣ ከጣሪያ ላይ ድሮን አስቀድሞ ይልካል፤ የሚደርሰው ፖሊስ ምን እንደሚጠብቀው አይቶ ይደርሳል፤ አንዳንድ ጥሪም ፖሊስ ሳይላክ ይዘጋል። ባሕር ዳርን ለመሰለ ከተማ ይህ አሠራር ከማንኛውም ሄሊኮፕተር ይሻላል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የወረቀቱ 55 ደቂቃ በሥራ ላይ 55 ደቂቃ አይሆንም። ካሜራው ይከብዳል፤ ነፋስ ይበላዋል፤ ባትሪው ከማለቁ በፊት መመለስ አለበት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ንጹሕ የፍለጋ ጊዜ ካገኘ ጥሩ ነው። ሬዲዮውም የሚደርሰው በቀጥታ መስመር ነው፤ ከደጀን ጠርዝ የተለቀቀ ድሮን ከአንድ የአለት ዘንግ ጀርባ ሲወርድ ምልክቱ ይቋረጣል፤ አምራቹ በሜዳ ላይ የለካው የኪሎ ሜትር ብዛት በዚያ ገደል አያገለግልም። ለዓባይ ድሮን የሚጠቅመው ቡድኑ በእግር ወደ ታች ወርዶ ከሚያነሣው ስፍራ ነው። በክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጭጋግና ዝናብ ሁሉንም ያሳርፋል፤ ሄሊኮፕተሩንም ጭምር።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ሰው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቆየው ግጭት ምክንያት በሰማይ የሚሰማ የድሮን ድምፅ ለገጠሩ ሕዝብ የፖሊስ ረዳት መምጣት ምልክት አይደለም፤ በገበያ ያለ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው በስጋት ነው። ይህን ሳያስቡ ድሮን ማሰማራት፣ የጠፋ ሕፃን ለማግኘት ቢሆን እንኳ፣ ሰውን ከመንደር ሊያስወጣ ይችላል። የፖሊስ መሣሪያ ከሩቅ የሚለይ ቀለምና ብርሃን ሊኖረው፣ የሚበርበት ቀንና ምክንያት በቀበሌና በሽማግሌዎች በኩል አስቀድሞ ሊነገር፣ የተቀረጸው ምስል ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በደንብ ሊወሰን ይገባል። እነዚህ ያልተሟሉለት ድሮን ዋጋው ቢረክስም አልረከሰም። በረራውን የሚመለከተው ፈቃድም በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኩል መጠናቀቅ ይኖርበታል።

በገመድ ታስሮ ከመሬት ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ድሮንም አለ። አይንቀሳቀስም፤ ግን ለጥምቀት ወይም ለፈረሰኞቹ በዓል ቀኑን ሙሉ ከፍ ብሎ ሕዝቡን ያሳያል፤ ከስፍራው ስለማይሄድም ሕዝቡ ቶሎ ይለምደዋል። ጃይሮኮፕተር የሚባለው ትንሽ በራሪ ደግሞ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ቆሞ አይንሳፈፍም፤ ሸክሙም ትንሽ ነው፤ በዚህ ከፍታ ለሚሠራ ፖሊስ አልመክረውም።

ሳይገዙ መጋራት

በእንግሊዝና በዌልስ 43 የፖሊስ ኃይሎች የየራሳቸውን ሄሊኮፕተር ከማስተዳደር ወጥተው እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የጋራ አየር አገልግሎት አቋቁመዋል። ወጪ ቀንሷል፤ ነገር ግን ጣቢያዎቹ ሲቀነሱ በሩቅ ያሉ ፖሊሶች ሄሊኮፕተሩ ዘግይቶ ይደርስብናል ማለት ጀመሩ፤ የመንግሥት የፖሊስ ኢንስፔክተሮችም እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ ነቅሰዋል። ኬንያም ለአገሪቱ በሙሉ አንድ የፖሊስ አየር ክፍል ያላት ሲሆን፣ በናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ሆኖ ሄሊኮፕተሮችንና ትንንሽ አውሮፕላኖችን በአንድነት ያስተዳድራል። ናይሮቢ ራሷ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ለእኛ ከለንደን ይልቅ የኬንያ ልምድ ይቀርባል።

ለጎጃም የማንሣት ሥራ በዓመት በጥቂት ቀናት የሚመጣ ስለሆነ፣ ለብቻው ሄሊኮፕተር ገዝቶ ማቆም የሚከብደው ይመስለኛል፤ ሄሊኮፕተር ባይበርም የሚጠገን፣ አብራሪውም ባይበር ብቃቱን የሚያጣ ነውና። የሚሻለው ሄሊኮፕተር ካለው አካል ጋር በጽሑፍ መስማማት ነው። ስምምነቱ ግን በቅን ልብ ላይ ብቻ ቢቆም አይበቃም፤ ማን ይጠራል፣ በስንት ደቂቃ ይነሣል፣ ነዳጁን ማን ይከፍላል፣ ሁለት ጥሪ በአንድ ጊዜ ሲመጣ የማን ይቀድማል የሚለው ካልተጻፈ ሄሊኮፕተሩ በሚያስፈልግበት ቀን ሌላ ስፍራ ይገኛል።

የትኛው ለየትኛው

ለባሕር ዳር፣ ለደብረ ማርቆስ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለእንጅባራ ከተሞች ከላይ የተጠቀሱት ቅድመ ሁኔታዎች የተሟሉላቸው ድሮኖች ይቀድማሉ። ለጣና፣ ለረጅሙ የደጀን–ባሕር ዳር መንገድ፣ በዓባይ ዳር ቆላ ከብት ለሚነዳባቸው ወረዳዎች ካሜራ የተገጠመለት ካራቫን ወይም መሰሉ ይሻላል፤ ከብት በሌሊት ከመንደሩ ርቆ ስለሚነዳ የአምስት ሰዓት በረራ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ለዓባይ በረሃና ለጮቄ የማንሣት ሥራ ኤች-125 ወይም በከፍታ የተፈተነ መሰሉ ያስፈልጋል፤ እሱም በጋራ ስምምነት፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ነዳጅ ተዘጋጅቶለት ይሁን። በጀት ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከድሮን ይጀመር፤ ለሁለት ከበቃ አውሮፕላን ይጨመር፤ የራስ ሄሊኮፕተር ከሁለቱ ቀጥሎ እንጂ ከፊታቸው አይምጣ።

በመጨረሻ ሄሊኮፕተር የሚገዛ አካል ከሻጩ ጋር ሲቀመጥ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ፍጥነት ወይም ስለ መቀመጫው ምቾት መሆን የለበትም። የአምራቹን የአፈጻጸም ሰንጠረዥ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በ2,400 ሜትር ከፍታና በ24 ዲግሪ ሙቀት፣ ከመሬት ርቆ ቆሞ እየተንሳፈፈ፣ አብራሪ፣ ሁለት ታዛቢ፣ አንድ ቁስለኛ፣ ካሜራና የአንድ ሰዓት ተኩል ነዳጅ ይዞ ይችላል ወይስ አይችልም? ሰንጠረዡ አዎ ካላለ፣ ወይም ሻጩ የባሕር ጠለል አኃዝ ብቻ ካመጣ፣ ድርድሩ በዚያው ይቁም።